አረፋ የረጨሁበት የአራስ ክፍል

ዳንግላ ገብታችሁ ጌትነት የሚባል ሰው ብትጠይቁ «የትኛው ጌትነት?» ትባላላችሁ። «ጌትነት አረፋ» ካላችሁ ግን ማንኛውም ጋሪ ነጂ ደጃፌ ድረስ ያመጣችኋል። ቅጽል ስሙን ያወጡልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እኔም በጊዜው ወድጄው ነበር። የምጽፍላችሁ በዚያ ስም ደረቴን ነፍቼ እሄድ በነበረበት ዘመን፣ እንጅባራ ውስጥ በአንድ ቤት ስላደረግሁት ነገር ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትረግሙኝ አልቀየማችሁም።

አዲስ አበባ ለአምስት ዓመት የሠራሁት ፎም በሚረጭ አንድ ተቋራጭ ሥር ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ። ሁለት በርሜል ፈሳሽ አለ፤ ሁለቱም በየቱቧቸው መጥተው መርጫው አፍ ላይ ይገናኛሉ። ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ስስ ቀለም ይመስላል፤ ወዲያው ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና ይደርቃል። ስንጥቁን፣ የምስማር ቀዳዳውን፣ በጣሪያና በግድግዳ መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ብርድ አይገባም፣ ሙቀት አይወጣም፣ ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ እንደ ልቡ አይጮህም። ተቋራጩ ሥራ ሲያቆም አሮጌውን ማሽን ይዤ ወደ ተወለድኩባት ዳንግላ ተመለስኩ። ሰው ቢጫውን ነገር ሲያብጥ አይቶ «አረፋ» አለው፤ እኔም አረፋ ሆንኩ።

ገበያዬ እንጅባራ ሆነች። ዩኒቨርሲቲው ሊከፈት ነው እየተባለ በየአቅጣጫው ቤት ይሠራባት በነበረ ጊዜ ነው። ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ከገባማ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አጠገብ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ያሠለጠነኝ አለቃችን አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። «የታሸገ ክፍል ውስጥ ከሰል አይገባም። መተንፈሻ ቀዳዳ ሳትተው ከክፍል አትውጣ፤ ለባለቤቱም በአፍህ ንገረው» ይል ነበር። እንጅባራ ስጀምር እንዳለኝ አደረግሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። «ከሰል ካላስገባሁ በምን ልሙቅ? ባንተ አረፋ?» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛውም እንዲሁ አለኝ። ለሦስተኛው ዝም አልኩ። ዝም ስል ሥራ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማንም አንስቼው አላውቅም። ቀዳዳዋን ብቻ ሳልናገር በየክፍሉ ጥግ እተዋት ነበር።

ሙሉቀን የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ያገኘኝ በነሐሴ መጨረሻ ነው። እኩያዬ ነው፣ ተግባቢ። ሚስቱ ሰብለ የአዘና ከተማ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ጥቅምት ላይ ትወልዳለች። «ጓዳውን የአራስ ቤት ላደርገው ነው። እናቴ አራሷን ብርድ ይመታታል ብላ እንቅልፍ የላትም» አለኝ። እናቱ እማማ የሺ የቤቱን ሥራ ሁሉ የያዙ፣ ከባንጃ ገጠር መጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። አማርኛውንም አዊኛውንም እኩል ይናገራሉ፤ ሲቆጡ ግን አዊኛው ይቀድማል።

ጓዳውን በአንድ ቀን ረጭቼ ጨረስኩ። ሽታው እንዲወጣ ቤተሰቡ ሁለት ቀን ጎረቤት አደረ። በሦስተኛው ቀን አብጦ የተረፈውን በቢላ ስከረክም እማማ የሺ ገብተው ዙሪያውን አዩ። ዓይናቸው ጥግ ላይ፣ ለመተንፈሻ ብዬ በተውኳቸው የጣት ውፍረት ባላቸው ሁለት ቱቦዎች ላይ አረፈ።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«ንፋስ መግቢያ ነው እማማ።»

«ንፋስ? ንፋስ እንዳይገባ አይዶል እንዴ የጠራንህ? አራስ እኮ ናት የምትተኛበት። አራስን በመርፌ ቀዳዳም ይመታታል።»

ልንገራቸው ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሉቀን በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ያን ቀን ጠዋት ሦስት ጎረቤቶቹን አምጥቶ ክፍሉን አስጎብኝቷቸው፣ ሁለቱ «ለእኛም» ብለውኝ ነበር። ከሰል አይገባበትም ካልኩ ሁለቱም ቤቶች ይቀሩብኛል።

«እንዳሉ እማማ» አልኳቸው። ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ ቀዳዳዎቹን ሞላኋቸው። በጓዳው በር ሥር ያለውን ክፍተት ሳይቀር ላስቲክ ለጠፍኩበት። «ከእንግዲህ ትንኝም አትገባ» ብዬ ቀለድኩ። እማማ የሺ ግንባሬን ሳሙኝ።

ጥቅምት ላይ ሰብለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሙሉቀን ደውሎ ነገረኝ፤ ክፍሉ ያለ እሳት እንደሚሞቅ፣ አራሷም እንደተመቻት ነግሮ አመሰገነኝ። በተወለደ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዳንግላ ፔንሲዮን ያለውን አቶ ውበቱን በሚኒባስ ይዤ እንጅባራ ሄድኩ። አሥር ክፍል ሊያሠራኝ ፈልጎ «መጀመሪያ የሠራኸውን አሳየኝ» ብሎኝ ነበር። ከሙሉቀን ቤት የሚበልጥ ማሳያ አልነበረኝም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ደረስን። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ በጥላ ሥር ያለው ሣር ገና ነጭ ነበር። ሙሉቀን ትምህርት ቤት ነው። እማማ የሺ ሳሎን ተቀብለው አስቀመጡን፣ ጠላ ቀዱልን።

«አራሷን አሁን አጥቤ አስተኛኋት። ሲነቁ ገብታችሁ ታያላችሁ» አሉ።

አቶ ውበቱ ሁሉን ነገር በጣቱ የሚነካ፣ ጥያቄ የማያልቅበት ሰው ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ነካ ነካ አደረገ፤ ሳሎኑ አረፋ ስላልተረጨበት ይቀዘቅዛል። እጆቹን እያሻሸ «እማማ፣ ከሰል ቢጤ የለዎትም? እኛ የዳንግላ ሰዎች ይኸን ብርድ አንችለውም» አላቸው።

«ከሰሉንማ ለአራሷ አስገብቼላታለሁ» አሉ። «እስከ ዛሬ አላስፈለጋትም ነበር፤ ቤቱ ራሱ ይሞቃል። ዛሬ ሰውነቷን ካጠብኳት ወዲህ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው። ጥቁሩ ሁሉ ከነደደ በኋላ ነው ያስገባሁት፤ አንድም ጭስ የለው። ኋላም ጨመር አድርጌላታለሁ።»

የጓዳውን በር አየሁ፤ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ላስቲኩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከጓዳው የሕፃን ድምፅ ቀርቶ የሰው መገላበጥ እንኳ አይሰማም።

አቶ ውበቱ ወደ እኔ ዞረ። «እሳት ይገባበታል ማለት ነው? ሰው እሳት አይስማማውም ሲል ሰምቼ ነበር።»

ይህን ጥያቄ እስክሞት አልረሳውም። ጥያቄው ቀላል ነበር። መልሱም ቀላል ነበር፤ «አይገባበትም፣ በሩን አሁኑኑ እንክፈት» ማለት ብቻ። እኔ ግን አሥሩን ክፍል አሰብኩ። ሌሎቹን ቤቶች አሰብኩ። ይህ ሰው ዳንግላ ተመልሶ በየገበያው የሚያወራውን አሰብኩ።

«ምን ችግር አለው?» አልኩት። «እያየኸው አይደል?»

አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ ጠላዬን ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቼ እንደ ዘበት «እማማ፣ በሩን ከፈት ቢያደርጉላቸውስ?» አልኩ።

«በላብ ላይ ያለች አራስ ላይ በር ይከፈታል? ምነው ልጄ» አሉኝ። ደግመው ቀዱልኝ። ያንንም ጠጣሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እስከ ዛሬ እለካዋለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠላ፣ ስለ ድንች ዘር አንድ ወሬ፣ የአቶ ውበቱ የፔንሲዮን ግንባታ ታሪክ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው። ልጁ ቀድሞ ሞቶ ይሁን ያኔ እየሞተ ይሁን የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም፤ የማላውቀው ጠላዬን ስጨርስ ስለተቀመጥኩ ነው።

በመጨረሻ ጆሮዬ የጓዳውን ዝምታ መሸከም አቃተው። ተነስቼ ሳላስፈቅድ በሩን ከፈትኩት።

ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ከሳሎኑ የገባው ብርሃን ግን አልጋው ላይ ስላረፈ ሁሉን ነገር አጥርቼ አየሁ። ሰብለ በጀርባዋ ተኝታ አፏ ተከፍቷል፤ ጉንጮቿ ቀልተው ጤነኛ ትመስላለች። ሕፃኑ በግድግዳው በኩል፣ ለብቻው በተነጠፈለት የታጠፈ ጋቢ ላይ ነው። በሁለቱ መሃል ሌላ ሰው ሊተኛ ይችል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አጥርቼ አይቻለሁ።

«ሰብለ» ብዬ ጠራኋት። አልመለሰችም።

ከዚያ ክፍል መጀመሪያ ያወጣሁት የከሰል ምድጃውን ነው። እናቲቱን አይደለም፣ ልጁን አይደለም። ምድጃውን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁና ከሰሉን እርጥብ አፈር ውስጥ ደፍቼ በእግሬ አለበስኩት። ለሰው ቢነገር እሳቱን ማውጣቴ ልክ ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ግን ምን እንዳስወጣኝ አውቃለሁ፤ ጥፋቴን መደበቅ ነው።

ስመለስ አቶ ውበቱና እማማ የሺ ሰብለን ጎትተው ሳሎኑ በር ላይ አድርሰዋታል። ተጋግዘን ግቢ አወጣናት። ብርዱ ሲያገኛት አስታወከች፣ ራሷን ይዛ አቃሰተች፣ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄስ?» አለች።

እማማ የሺ ገብተው ልጁን አቅፈው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጉንጩን ነኩት፣ እግሩን ነኩት፣ አገላብጠው አዩት። በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ግቢው በአንድ አፍታ በሴቶች ሞላ። ሙሉቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጣ፤ እጁ ላይ ጠመኔው እንዳለ ነበር። «ምን ሆኖ ነው? ምን ነክቶት?» እያለ ሁሉን ይጠይቃል። መልሱን የሰጡት እናቱ ናቸው።

«ተጭናው ነው» አሉ። «እንቅልፍ ጥሏት ልጄን ተጭናው።»

አንዲት ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከሰሉ አፍኗቸው እንዳይሆን» ስትል ሰማሁ።

«ስድስት ወልጃለሁ፣ ስድስቱንም ከሰል አጠገቤ እየነደደ ነው ያሳደግኋቸው» አሉ እማማ የሺ። «ከሰል ቢሆንማ እሷስ እንዴት ተረፈች? አንተ ልጅ፣ አንተ ነህ የገባኸው፣ ጭስ ነበር?»

«ጭስ አልነበረም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። በዚያች እውነት ተደብቄ ዋልኩ።

ልጁ ክርስትና አልተነሳምና ፍትሐት አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ወንዶች ሆነን ቀበርነው። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ለዚያ መጠን ያለው ጉድጓድ ብዙ አያደክምም፣ ቶሎ ያልቃል።

ወደ ዳንግላ በምንመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ከአቶ ውበቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ እሱ «የእግዜር ነገር ነው» አለ። ቀጥሎም «ክፍሉ ግን እውነትም ይሞቃል። መቼ ትጀምርልኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው እንዲህ ይጠይቃል ብዬ ተቀየምኩት፤ በሳምንቱ ግን ጀመርኩለት። በአሥሩም ክፍል ቀዳዳ አበጀሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ለውበት ነው» አልኩት።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሙሉቀን ደወለ። «ሰብለ አንድ ነገር ልትጠይቅህ ትፈልጋለች። እባክህ ና» አለኝ። እምቢ ማለት ያስጠረጥረኛል ብዬ ሄድኩ።

ሳሎኑ ውስጥ የንስሐ አባታቸው፣ እማማ የሺና ሙሉቀን ተቀምጠዋል። ሰብለ መደቡ ላይ ናት። የሚጠባው ስለሌለ ጡቷ አግቶ፣ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል፤ አልሸፈነችውም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጌትነት፣ በሩን የከፈትከው አንተ ነህ» አለች።

«አዎ።»

«ከአንተ በፊት የገባ የለም። እኔ ምንም አላስታውስም። ሰውነቴ እንደ ድንጋይ ከብዶኝ ልነሳ ስል አቅቶኝ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ያየኸውን ንገረኝ። ተጭኜው ነበር?»

እማማ የሺ ፊታቸውን አዞሩ። ቄሱ ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ያየኸው ካለ ተናገር። ለእሷም ለእኛም ይጠቅማል» አሉኝ። ከዚህ በላይ በር የሚከፍትልኝ አልነበረም። «አልተጫንሽውም» ካልኩ ግን ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ምን ገደለው?» ነው። ያን ጥያቄ ፈራሁት።

«ጨለማ ነበር» አልኩ። «አላየሁም።»

ሰብለ ጥቂት አየችኝና አንገቷን ደፋች። ቄሱም ያላወቁትን አውቃለሁ አላሉም፤ ልቧ ካልተረጋጋ ብለው፣ ራሷም ስለለመነቻቸው፣ ቀኖና ሰጧት። ስግደቱን፣ ጾሙን፣ ልጁን በተጫነች እናት ደንብ ተቀበለች። እኔ ጠላ ቀርቦልኝ «ጾም ላይ ነኝ» ብዬ ወጣሁ። አልጾምኩም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ተፋቱ። ከጎረቤቶቻቸው እንደሰማሁት እማማ የሺ «ልጇን የበላች» እያሉ አላስቀመጧትም፤ ሙሉቀንም ዝም አለ። እሷ ወደ አዘና፣ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ የእህል መጋዘን ሥራ አዘና ሄድኩ። በገበያው ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ምስማር ልገዛ ብገባ ባለሱቋ ሰብለ ናት። ሌላ አግብታለች። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ ወለል ላይ በተቀመጠ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ገና የወራት ልጅ ተኝቷል። አወቀችኝ፤ ሰላም አለችኝም። ምስማሩን ስትመዝንልኝ የግራ እጇ አንጓ ዙሪያውን ጠቁሮ ቆዳው ተልጦ አየሁት።

«እጅሽን ምን ነካው?» አልኳት።

«ስተኛ አስረዋለሁ» አለች፣ ስለ ተራ ነገር እንደምታወራ። «ከአልጋው ቋሚ ጋር። ደግሞ እንዳልገላበጥበት።»

እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሁለቱ ብርጭቆ ጠላ፣ ጓሮ ስለ ደፋሁት ምድጃ፣ «ጨለማ ነበር» ስላልኩት። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ስጨርስ «ከእኔ ምን ያህል ይርቅ ነበር?» አለች።

በእጄ ላሳያት ሞከርኩ። «እንዲያ አይዶለም፣ እዚህ አሳየኝ» ብላ መዳፏን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ይኸ እኔ ነኝ። እሱ የት ነበር?»

እጄን ካየሁበት ርቀት ላይ አኖርኩት። በመሃሉ ያለውን ጣውላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በስንዝሯ ለካችው፤ እንደገና ለካችው።

«ለእኔ ነገርከኝ» አለች። «አሁን ሂድና ለእነሱ ንገራቸው።»

በማግስቱ እንጅባራ ሄጄ ሁሉንም ለሙሉቀንና ለእናቱ ተናገርኩ። እማማ የሺ እስክጨርስ አዳመጡኝ። «ቀዳዳውን ያስደፈንኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ከሰሉንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ በጥርሴም ቢሆን እከፍተው ነበር።» ከዚያ በኋላ አማርኛቸው ጠፋ፤ በአዊኛ ብቻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ይናገሩ ጀመር። ሙሉቀን በሩን ከፍቶ «ውጣ» አለኝ። ወጣሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ፎም መርጨት አልተውኩም፤ እንጀራዬ ነው። አሁን ግን ማንም ሰው ቤት ገብቼ ማሽኑን ከማውረዴ በፊት ይህን ታሪክ ከነስሜ እነግረዋለሁ። ግማሹ ሰምቶ ያባርረኛል፤ ልክ ነው። ቤታችሁን በምንም ነገር ብታሽጉ መተንፈሻ ተዉለት፤ ከሰል ጭስ ስለሌለው አይገድልም ብላችሁ አትታለሉ። ይህ የሙያው ምክር ነው፣ ከማንም ልትሰሙት ትችላላችሁ። ከእኔ ብቻ የምትሰሙት ሌላ ነው። አንድ ሰው ዓይናችሁን እያየ «ያየኸውን ንገረኝ» ሲላችሁ ያን ጊዜ ንገሩት። እኔ በኋላ እነግራታለሁ እያልኩ ስጠብቅ፣ በኋላ የሚባለው ጊዜ እንደ ያኔው እንደማይሠራ አላወቅሁም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለሥራ አዘና ተመልሼ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያገኘሁት ባሏን ነው። ማን እንደሆንኩ ያውቃል፤ ወንበር አልሰጠኝም፣ አላባረረኝምም።

«ደህና ናት?» አልኩት።

«ደህና ናት። ልጁም አድጓል፣ ለብቻው መኝታ አንጥፈንለታል።»

ልሄድ ከዞርኩ በኋላ አስችሎኝ መውጣት አቃተኝ። «እጇንስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

የሚደረድረውን ሳሙና አስቀመጠው።

«ነግረህ የሄድክ ዕለት ማታ ፈታችው» አለኝ። «እንቅልፍ እምቢ ሲላት ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጣ አደረች። በማግስቱ ራሷ አሰረችው። አሁንም እጇን አስራ ነው የምትተኛ።»